ቢጫ ለባሾቹ፦ የስኪነር ፈረሰኛ ሬጅመንት ታሪክ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የጎደለው ነገር

የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ በህንድ ምድር የሚያስፈራ እግረኛ ጦር ነበረው። በሰልፍ ቆሞ፣ በትእዛዝ ጎርሶ፣ በትእዛዝ የሚተኩሰውን የኩባንያውን ወታደር ፊት ለፊት ገጥሞ የሚረታ የአካባቢ ገዥ ጥቂት ነበር። ችግሩ የሚመጣው ውጊያው ካለቀ በኋላ ነው። ድል የሆነው ፈረሰኛ ይበተንና በማግሥቱ ከኋላ ዞሮ የስንቁን ጋሪ ይዘርፋል፤ መንደር ያቃጥላል፤ ግብር ሰብሳቢውን ያባርራል። እግረኛ ሮጦ አይደርስበትም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ፈረሰኛ ነው። ከባዱ ፈረሰኛ በትልቅ ፈረስ ተቀምጦ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ፣ የጠላትን ሰልፍ ለመስበር የሚጋልብ ነው። የቀላሉ ሥራ ሌላ ነው፤ ቃፊር ይወጣል፣ የጠላትን ሰፈር ይሰልላል፣ መልእክት ያደርሳል፣ የስንቅ መንገድ ይጠብቃል፣ የሸሸውን ያሳድዳል። ጦርነት በሌለበት ጊዜ ሽፍታ ያድናል። ፈረሱም ግዙፍ መሆን የለበትም፤ ትንሽ በልቶ ብዙ የሚሄድ ይበቃል።

ኩባንያው መደበኛ ቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንቶች ነበሩት። ግን ጥቂት ነበሩ፤ ውድም ነበሩ። የፈረሱን ዋጋ፣ ኮርቻውን፣ ገለባውን፣ የወታደሩን ልብስ ሁሉ የሚከፍለው ኩባንያው ራሱ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ጦር ቢያዘምትም ልቡ የነጋዴ ነበር። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ፈረሰኛ ፈለገ፤ ርካሽ፣ አገሩን የሚያውቅ፣ በማይፈለግበት ጊዜ የሚቀነስ።

2. የሃንሲው ጅማሬ

ይህን ፍላጎት ካሟሉት ጦሮች ሁሉ ስሙ ረጅም ዕድሜ ያገኘው የስኪነር ፈረሰኛ ነው። መሥራቹ ጄምስ ስኪነር በ1778 የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ የኩባንያው ስኮትላንዳዊ መኮንን፣ እናቱም ራጅፑት ከሚባሉት የሰሜን ህንድ ጦረኞች ወገን ነበረች። በጊዜው የኩባንያው ደንብ ከህንዳዊት እናት የተወለደ ሰው መኮንን እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ወጣቱ ስኪነር ስለዚህ የኩባንያው ተቀናቃኝ ወደሆኑት የህንድ ገዥዎች ወደ ማራታዎቹ ሄዶ፣ በአውሮፓውያን አዛዦቻቸው በደቧኝና በፔሮ ሥር አደገ። በ1803 ማራታዎችና እንግሊዞች ጦርነት ሲገጥሙ ፔሮ የእንግሊዝ ደም ያለባቸውን መኮንኖች አሰናበተ። ስኪነርም ወደ እንግሊዙ የጦር አዛዥ ወደ ሎርድ ሌክ ተሻገረ፤ የቀድሞ ጌታውን፣ የማራታውን ገዥ ሲንዲያን፣ ላለመውጋት ግን አስቀድሞ ቃል አስገብቶ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከዴልሂው ውጊያ በኋላ ከፔሮ ፈረሰኞች 2,000 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ወገን ገቡ። ማን ይምራችሁ ተብለው ሲጠየቁ ስኪነርን መረጡ። ሬጅመንቱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። አለቃ ወታደር ቀጥሮ ያቋቋመው አይደለም፤ ወታደሩ አለቃውን መርጦ ያቆመው ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ማረፊያቸው ከዴልሂ በስተምዕራብ፣ ዛሬ ሃርያና በሚባለው ግዛት የምትገኘው ሃንሲ ሆነች። አካባቢው ፈረስና ከብት የሚረባበት፣ ራንጋር የሚባሉት ሙስሊም ራጅፑቶችና የጃት ገበሬዎች የሚኖሩበት ነው። በሰላም ጊዜ የጦሩ ቁጥር ተቀነሰ፤ ግብር ማስከበርና ሽፍታ ማደን የዘወትር ሥራው ሆነ። በ1814 ሁለተኛ ሬጅመንት ተጨመረ። ስኪነር በ1841 ሲሞት ግን ተቋሙ በእሱ ትከሻ ላይ የቆመ አልነበረም። ስለ ሰውየው ጀብዱ የጻፉ ብዙ ናቸው፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ጀብዱው ሳይሆን ውሉ ነው።

3. ፈረሱ የማን ነው?

ውሉ ሲላዳር ይባላል። አንድ ጎረምሳ ወደ ሬጅመንቱ ሲመጣ የራሱን ፈረስ፣ ኮርቻ፣ ጎራዴ፣ ልብስና ድንኳን ይዞ ይመጣል። ለዚህም ከመደበኛው ፈረሰኛ ከፍ ያለ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በደመወዙ ግን ራሱንም ፈረሱንም ይቀልባል። ፈረሱ ቢሞት ኪሳራው የእሱ ነው። ንብረቱ እንግዲህ የመንግሥት ሳይሆን የወታደሩ ነው።

የአገራችንን የድሮ ጦር የሚያውቅ አንባቢ ይህን እንግዳ ነገር አይለውም። የኛም ጭፍራ የራሱን ፈረስና በቅሎ፣ የራሱን ጋሻና ጦር፣ ስንቁንም ቋጥሮ ነበር የሚዘምተው። ልዩነቱ በክፍያው ነው። የኛው ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ የሃንሲው ፈረሰኛ በየወሩ ሩፒ ይቆጠርለታል።

ቦታው ራሱ ዋጋ ነበረው። አሳሚ ይሉታል፤ አንድ ፈረሰኛ በሬጅመንቱ ውስጥ ያለው መደብ ማለት ነው። ይሸጣል፣ ይወረሳል። ወታደሩ ቢሞት ሚስቱ አሳሚውን ይዛ በሟቹ ፈረስ ላይ ሌላ ሰው ልታስቀምጥ ትችል ነበር። በሌላ ሰው ፈረስ የሚያገለግለው ይህ ሰው ባርጊር ይባላል፤ ከደመወዙ ከፊሉን ለባለ ፈረሱ ይሰጣል። ውሉ እዚህ ጋ ይበላሽ ነበር። ሀብታም የሆነ የአገር ተወላጅ መኮንን ብዙ አሳሚዎች ሰብስቦ ይይዝና ባርጊሮቹ ከሬጅመንቱ ይልቅ የእሱ ሎሌዎች ይሆናሉ። አራጣ አበዳሪውም በጎን ይገባል። በየሬጅመንቱ ፈረሰኞቹ የሚበደሩበት ባንክ ነበር፤ ዕዳውም ቀላል አልነበረም።

ከጊዜ ብዛት ውሉ ተሻሻለ። አዲሱ ምልምል ፈረስ ይዞ መምጣቱ ቀርቶ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛል፤ ሬጅመንቱ በዚያ ገንዘብ ፈረሱንና ዕቃውን በጅምላ ይገዛል፤ ወታደሩ ሲሰናበት መያዣው ይመለስለታል። ከየወሩ ደመወዝ የሚቆረጥ ቻንዳ የሚባል የጋራ ሣጥን ተቋቋመ፤ ፈረስ የሞተበት ሰው ከዚያ ይተካለታል። ዕድር የሚያውቅ ሰው የቻንዳን አሠራር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዕለት ኑሮውንም ውሉ ያደራጀው ነበር። ሁለት ፈረሰኞች አንድ በቅሎ ወይም ድንክ ፈረስ በጋራ ይይዛሉ፤ አንድ ሣር አጫጅም በጋራ ይቀጥራሉ። ሣር አጫጁ በማለዳ በቅሎዋን እየነዳ ወጥቶ፣ የሁለት ፈረስ የቀን ሣር አጭዶና ጭኖ ይመለሳል። ሬጅመንቱ ሲዘምት ያቺው በቅሎ የሁለቱን ሰዎች ድንኳንና ጓዝ ትሸከማለች። መንግሥት ግመልና ጋሪ እስኪያዘጋጅ መጠበቅ የለም። «ተነሡ» ሲባል ወዲያው የሚነሣ ጦር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማዕረጉም የአገሩ ነበር። ተራው ፈረሰኛ ሰዋር ነው፤ ከእሱ በላይ ዳፋዳር፣ ቀጥሎ ጀመዳር፣ ከፍ ሲል ሪሳልዳር። በመደበኛው ሬጅመንት ከ20 በላይ እንግሊዛውያን መኮንኖች ሲኖሩ፣ በዚህ ዓይነቱ ጦር ግን አዛዡ፣ ምክትሉ፣ የጽሕፈትና የሥርዓት ኃላፊው፣ ከእነሱም ጋር አንድ ሐኪም ይበቁ ነበር። ጭፍራውን በውጊያ የሚመራው ህንዳዊው ሪሳልዳር ነው። ለጋራ ጉዳይ ደግሞ ዳርባር የሚባል ሸንጎ ይቀመጣል፤ አቤቱታ ይሰማበታል፤ ሹመት፣ ቅጥርና የጋራ ገንዘብ ይነገርበታል። ጉላም አሊ ካን የተባለው የዴልሂ ሠዓሊ በ1827 የሃንሲውን ሸንጎ ሥሎታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጧል። ንብረቱ የወታደሩ በሆነበት ጦር ውስጥ አዛዡ ሸንጎ መቀመጡ ቸርነት አልነበረም፤ ግዴታው ነበር።

4. ቢጫው ልብስ

ልብሱን የሚገዛው ወታደሩ ስለሆነ፣ የልብሱ አቆራረጥ ለንደን ላይ አይወሰንም። የኩባንያው መደበኛ ቀላል ፈረሰኛ ግራጫማ ሰማያዊ፣ ሰውነት ላይ የተጣበቀ አጭር ኮት፣ ጠባብ ሱሪና የአውሮፓ ባርኔጣ ለብሶ፣ እግሩን ዘርግቶ በሚያስቀምጥ የእንግሊዝ ኮርቻ ላይ ይንገላታ ነበር። የስኪነር ሰዎች ግን አባቶቻቸው ለብሰው ይጋልቡበት የነበረውን ሰፊና ረጅም ኮት ለበሱ፤ በወገባቸው ቀይ መቀነት ታጠቁ፤ ራሳቸውን በቀይ ጥምጣም ጠመጠሙ። ኮቱን ከሩቅ የሚያስታውቀው ቀለሙ ነው፤ ቦግ ያለ ቢጫ። «ቢጫዎቹ ልጆች» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው።

ቢጫ ለምን ተመረጠ? ሬጅመንቱ የሚተርከው ታሪክ የራጅፑቶችን ባህል ይጠቅሳል። ራጅፑት ጦረኛ ላይመለስ ወስኖ ሲወጣ በእርድ ወይም በዛፍራን የተነከረ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ልብሱ የመግነዝ ያህል ነው፤ ለብሶት የወጣ ሰው ወይ ያሸንፋል ወይ ይሞታል። የስኪነር እናት ራጅፑት መሆኗም ለታሪኩ ድጋፍ ሆኖ ይቀርባል። እኔ ታሪኩን አልጥለውም፤ ግን የኪሱንም ጉዳይ ማሰብ ያስፈልጋል። ልብሱን ከደመወዙ የሚገዛ ሰው በየገበያው በርካሽ የሚገኝ ማቅለሚያ ይመርጣል፤ እርድ ደግሞ በህንድ ገበያ የማይታጣ ነገር ነው። የክብሩ ምክንያትና የዋጋው ምክንያት አብረው ቢሄዱ አይጣሉም።

ቢጫው ሌላም ጥቅም ነበረው። በአቧራና በጢስ መካከል ወገን ወገኑን ይለያል። በዚያ ዘመን የሰሜን ህንድ ፈረሰኛ ሁሉ ጥምጣምና ረጅም ኮት ለባሽ ነበርና፣ የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የሽፍታ እንደሆነ የሚለየው በቀለሙ ነው። የስኪነርን ፈለግ ተከትለው የተቋቋሙት ሌሎች ጦሮችም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀለም ያዙ። በ1809 የተመሠረተው የጋርድነር ፈረሰኛ ለምሳሌ አረንጓዴ ለበሰ። የኩባንያው የቤንጋል ጦር ፈረሰኛ ሰልፍ ሲወጣ የጨርቅ ገበያ ይመስል ነበር ቢባል ግነት አይሆንም።

በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ የልብሱ አሠራር እየተስተካከለ መጣ። በ1900 አካባቢ የሬጅመንቱ የክብር ልብስ ቢጫ ሆኖ፣ ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ጥቁር ከፋይ ነው፤ የመኮንኖቹ በወርቅ ጥለት የተዘመዘመ ነበር። አስቂኙ ነገር፣ መጀመሪያ አውሮፓዊው የህንዱን ሰው በአውሮፓ ጠባብ ልብስ ሊጠፍረው ሲታገል ኖሮ፣ በመጨረሻ እንግሊዛዊው መኮንን ራሱ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ ረጅም ኮት ለብሶ ሰልፍ ላይ ቆመ።

መሣሪያውም ከልብሱ ጋር የሚሄድ ነው። ረጅም ጦር፣ ቆልመም ያለ ጎራዴ፣ ጋሻ፣ በመጀመሪያው ዘመንም በሚጤስ ክር የሚለኮስ ጠመንጃ። የእነዚህ ፈረሰኞች ዋና ልምምድ በሙሉ ግልቢያ ላይ መሬት የተተከለ ችካል በጦር ወግቶ ማንሣት ነበር፤ ጉግስ ያየ ሰው የዓይንና የእጁን ስምምነት ይገምተዋል። ስለ ጎራዴያቸው የሚነገር አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ የስኪነር ሳይሆን የሃይደራባድ ነው፣ ግን ዓይነቱ አንድ ነው። ሉዊስ ኖላን የተባለ የእንግሊዝ ፈረሰኛ መኮንን በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ የሃይደራባዱ ገዥ የኒዛም ፈረሰኞች ሰው ሲቆርጡ የሚያደርሱትን አስፈሪ ቁስል ሰምቶ ጎራዴው ከየት የመጣ ብረት ቢሆን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ አስደነገጠው፤ ብረቱ የእንግሊዝ ሠራዊት አርጅቷል ብሎ የጣለው የራሱ ጎራዴ ነበር። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ህንዶቹ ስለቱን እንደ ምላጭ ስለው፣ በእንጨት አፎት ከተው፣ ለውጊያ ካልሆነ አይመዙትም። እንግሊዞቹ በብረት አፎት ውስጥ እያንኳኩ፣ በየሰልፉ እየመዘዙና እየመለሱ ያዶለዱሙታል። ኖላን በዓመቱ ባላክላቫ ላይ ያን ለከንቱ ዕልቂት የዳረገ የቀላል ፈረሰኞች ብርጌድ ትእዛዝ ይዞ ሄዶ፣ በዚያው ግልቢያ መጀመሪያ ላይ ሞተ።

5. መደበኛው ሲወድቅ

ሁለቱ ዓይነት ፈረሰኞች ለግማሽ ምዕት ዓመት ጎን ለጎን ኖሩ። በወረቀት ላይ መደበኛው የበላይ ነው፤ የስኪነሩ ዓይነት «መደበኛ ያልሆነ» ተብሎ በሁለተኛ ደረጃ ይጠራል። መስክ ላይ ግን ነገሩ ተገላበጠ። ኅዳር 2 ቀን 1840 በአፍጋኒስታን ፓርዋን ዳራ በተባለ ቦታ 2ኛው የቤንጋል ቀላል ፈረሰኛ «ወደፊት» ሲባል ከመኮንኖቹ ጋር አልጋለበም፤ እንግሊዛውያኑ መኮንኖች ብቻቸውን ጠላት ውስጥ ገቡ። ሬጅመንቱ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ክርክር ብዙዎች ጣታቸውን በጠባቡ ልብስ፣ በማይመቸው ኮርቻና በዶልዷማው ጎራዴ ላይ ቀሰሩ። ልብስ ብቻውን ሰው ያስፈራል ብዬ አላምንም፤ ግን የራሱ ባልሆነ ፈረስ፣ ባልመረጠው ልብስ፣ ለማያውቀው አለቃ የሚጋልብ ሰው ለምን ይሞታል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ፍርድ በ1857 ተሰጠ። የህንድ ወታደሮች በኩባንያው ላይ ያነሡት የታላቁ አመፅ እሳት የተለኮሰው ሚሩት ላይ፣ ከ3ኛው የቤንጋል ቀላል ፈረሰኛ 85 ሰዎች አዲሱን ጥይት አንነካም ብለው በታሰሩ ማግሥት ነው። የቤንጋል መደበኛ ቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንቶች በሙሉ ወይ አመፁ ወይ ተበተኑ፤ አንድም አልተረፈም። መደበኛ ካልሆኑትም ያመፁ ነበሩ። የስኪነር ሬጅመንት ግን በሙልታን ሆኖ የእግረኛ ሬጅመንቶቹን መሣሪያ በማስፈታት ተካፈለ። ህንዳውያን ይህን ዛሬ በሁለት ልብ ነው የሚያዩት፤ አንዱ ለቃል መታመን ይለዋል፣ ሌላው ለባዕድ ገዥ ማደር። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በ1861 የቤንጋል ፈረሰኛ እንደ አዲስ ሲዋቀር 19ኙም ሬጅመንቶች በሲላዳር ውል ቆሙ። «መደበኛ ያልሆነው» ደንብ ሆነ። የስኪነር ጦርም 1ኛው የቤንጋል ፈረሰኛ ተባለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዓይነት ጦር ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት በዙላ ካወረዳቸው ፈረሰኞች መካከል የሲንድ ፈረሰኛ፣ 10ኛውና 12ኛው የቤንጋል ፈረሰኛ ነበሩ፤ ሁሉም የሲላዳር ውል ልጆች። የስኪነር ሰዎች ያኔ አልመጡም። ተራቸው ከ73 ዓመት በኋላ ነው።

6. ስምና ቁጥር

የስም ለውጡን ዝርዝር መከተል አሰልቺ ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። በ1896 ሬጅመንቱ ባለጦር ፈረሰኛ ተብሎ ተሰየመ፤ በ1901 የስኪነር ስም ተመለሰለት፤ ኋላ ጆርጅ አምስተኛ የሆነው የዮርክ መስፍንም ማዕረጉን ሰጠው። 1900 ላይ እስከ ቤጂንግ ዘምቷል። በ1814 የተጨመረው ሁለተኛው ሬጅመንት 3ኛው የስኪነር ፈረሰኛ ተብሎ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ድረስ ሄደ።

7. ሣጥኑ ባዶ ሲሆን

ሲላዳርን የገደለው ያው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ውሉ የተሠራው ለአጭር ዘመቻ ነበር፤ ጥቂት ፈረስ ይሞታል፣ ከቻንዳው ይተካል፣ ይቀጥላል። ፈረስ በብዙ የሚያልቅበትና ዓመታት የሚወስድ ጦርነት ሲመጣ ግን የወታደር መዋጮ የሚችለው አልሆነም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሬጅመንት ኮርቻውንና ዕቃውን ለብቻው የሚገዛ ስለነበር፣ ከአንዱ ሬጅመንት ተወስዶ ሌላው ውስጥ የተመደበ ወታደር ከአዲሶቹ ጓዶቹ ጋር አይገጥምም። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ውሉን ሰርዞ ፈረሱንም፣ ልብሱንም፣ መሣሪያውንም በራሱ ወጪ አደረገ። 39 የነበሩት የህንድ ፈረሰኛ ሬጅመንቶችም ወደ 21 ወረዱ። ሁለቱ የስኪነር ሬጅመንቶች የተዋሐዱት ያኔ ነው።

የልብሱም ታሪክ እዚህ ላይ ተቆረጠ። ለዘመቻ ካኪ ከለበሱ ቆይተዋል፤ አሁን ካኪው ከመንግሥት መጋዘን የሚወጣ ሆነ። ቢጫው ለበዓልና ለግብዣ ብቻ ቀረ። እኔ እንደማየው ሬጅመንቱ በእውነት የተለወጠው በ1939 ፈረሱን አስረክቦ መኪና ሲቀበል ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት፣ ሰዋሩ የልብሱን ዋጋ መክፈል ባቆመ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸንጎው ባህል ነው እንጂ የባለንብረቶች ስብሰባ አይደለም።

8. ከሩ፣ ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም.

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል የኛ ሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስኪነር ሬጅመንት ወደ እኛ አካባቢ ሲመጣ የሚያደርሰው እንኳ ፈረስ አልነበረም። የ5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ቃፊር ሆኖ፣ መትረየስ በተጫነባቸው የጭነት መኪናዎች ሱዳን ገባ። በጥር 1933 ዓ.ም. ከሰላ ከጣሊያን እጅ ሲወጣ፣ «የጋዜል ጦር» የተባለው ፈጣን ግብረ ኃይል የሚያፈገፍገውን ጠላት ወደ ኤርትራ ደጋ እንዲያሳድድ ተላከ። የስኪነር ሬጅመንት የግብረ ኃይሉ ዋና አካል ነበር። መጓጓዣው መኪና ይሁን እንጂ ሥራው የ1803ቱ ነው፤ መሰለል፣ ማሳደድ፣ መንገድ መቁረጥ።

ጥር 13 ቀን ማለዳ፣ ከሩ በተባለው ጠባብ መተላለፊያ አጠገብ፣ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ከጎን በኩል ፈረሰኞች ብቅ ብለው በሙሉ ግልቢያ ወደ መድፎቹና ወደ አዛዡ ሰፈር መጡ። የጣሊያን መንግሥት ካሰለፋቸው የአገሬው ተወላጅ ጦሮች አንዱ፣ «የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ» ተብሎ የተሰየመው፣ አሜዴዮ ጊዬ በተባለ ወጣት መኮንን የሚመራው ጭፍራ ነበር። ፈረሰኞቹ እየጋለቡ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። መድፈኞቹ የመድፎቹን አፈሙዝ አዙረው፣ ከመሬት እኩል ዝቅ አድርገው፣ በቅርብ ርቀት ተኮሱባቸው። የእንግሊዞቹ ዘገባ ጋላቢዎቹን ወደ 60 ሲያደርሳቸው፣ ከጣሊያን ወገን የሚነገረው ቁጥር ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። ግልቢያው መድፎቹን አላስቆመም፤ ጋላቢዎቹ ግን ጥቂት እርምጃ እስኪቀራቸው ድረስ ደርሰው ነበር፤ ይህንም የመሰከሩላቸው የተኮሱባቸው ሰዎች ናቸው። በአፍሪካ ምድር ከታዩት የመጨረሻዎቹ የፈረሰኛ ግልቢያዎች አንዱ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ቦታ መለዋወጥ ሊስተዋል ይገባል። በህንድ ታሪኩ ሁሉ በፈረስ ሲጋልብ የኖረው ሬጅመንት መኪና ላይ ተቀምጧል፤ እንግሊዝ ከ138 ዓመት በፊት በሃንሲ ያደረገውን፣ ማለትም የአገሬውን ፈረሰኛ በራሱ ወግ አሰልፎ ለባዕድ ዓላማ ማዋጋትን፣ አሁን ጣሊያን ያደርገዋል። በከሩ የጋለቡት ለወራሪ ማደራቸው አያስመሰግናቸውም። ድፍረታቸው ግን የወራሪው አይደለም፤ የራሳቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ አቆርዳት፣ ከረን፣ አድ ተክለሳን፣ ምጽዋ በሬጅመንቱ የክብር መዝገብ ተጻፉ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ አምባ አላጌ። እዚያ የህንድ ወታደሮች ከሰሜን፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከደሴ በኩል፣ የራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞችም ጨምረው ተራራውን ከበቡት፤ የጣሊያኑ አዛዥ የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 ቀን እጁን ሰጠ። ሬጅመንቱ ከዚህ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ራሷ ዘምቶ ጦርነቱን እዚያ ጨረሰ።

9. ዛሬ

በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ 18ቱ የብረት ለበስ ሬጅመንቶች ተከፋፈሉ፤ 12ቱ ለህንድ፣ 6ቱ ለፓኪስታን። የስኪነር ሬጅመንት ለህንድ ደረሰ። ለብዙ ዘመን የሬጅመንቱ ደምና ሥጋ የነበሩት ሙስሊም ወታደሮቹ ግን ወደ ፓኪስታን ሄዱ። ስሙ በሃንሲ አገር ቀረ፤ የሃንሲ ራንጋሮች ልጆች ከድንበሩ ማዶ ሆኑ። በሁለት ምዕት ዓመት ታሪኩ ከዚህ የከፋ ጉዳት ጠላት አላደረሰበትም።

አሁን ሬጅመንቱ ታንከኛ ነው። በህንድ ሠራዊት ውስጥ 1ኛ ፈረሰኛ የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ነው። በታንክ ውስጥ የተቀመጠው ተራ ወታደር ዛሬም ሰዋር ይባላል፤ በላዩ ያለው ዳፋዳር፣ ከዚያም በላይ ሪሳልዳር፤ እነዚህ ማዕረጎች በመላው የህንድ ታንከኛ ጦር ይሠራሉ። ሲላዳርነት፣ አሳሚና ቻንዳ ቀርተዋል፤ ቢጫው የሬጅመንቱ ቀለም እንደሆነ ነው። በእውነተኛ ፈረስ ላይ የሚቀመጥ የህንድ ጦር ማየት የሚፈልግ ሰው፣ በ1953 ከህንድ መሳፍንት ፈረሰኞች ተውጣጥቶ የተመሠረተውን 61ኛውን ፈረሰኛ ፍለጋ ወደ ጃይፑር መሄድ ይኖርበታል።

የስኪነር ሬጅመንት ታሪኩን ያቆየው ጽፎ ስላስቀመጠ ነው፤ የደመወዝ መዝገብ፣ የሸንጎ ሥዕል፣ የልብስ ደንብ። ከሩ ላይ በወዲያኛው ወገን የጋለቡት ሰዎች ታሪክ ግን ለኛ የሚደርሰን በአብዛኛው በጣሊያኖችና በእንግሊዞች ብዕር ነው። በጎንደር፣ በትግራይም ሆነ በኤርትራ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በዚያ ጭፍራ ውስጥ ፈረሰኛ እንደነበሩ በቤቱ ሲነገር ያደገ አንባቢ ካለ፣ የፈረሱን ስም፣ የለበሱትን፣ የተከፈላቸውን፣ ለምን እንደገቡና እንዴት እንደወጡ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ ቢጽፈው መልካም ነው።